ሸማ ወይስ ሰማ? ቦዶኒን ከአማርኛ ፊደል ጋር ስለማዋደድ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፋሽን ዲዛይን ተምሬ ጨርሻለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር የሀበሻ ልብስ መጽሔት እየሠራን ነው። ሽፋኑ ላይ ‹ሸማ› የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ርዕስ ቦዶኒ በሚባለው የላቲን ፎንት፣ ውስጥም የፎቶ መግለጫዎቹን በቦዶኒ አድርጌያቸዋለሁ። ስክሪን ላይ ቆንጆ ነበር፣ ናሙና ሲታተም ግን ቀጫጭኑ መስመር ጠፋ፣ አማርኛው ደሞ ከእንግሊዝኛው አጠገብ ደነዘዘብኝ። ጓደኛዬ አማርኛውም እንዲመሳሰል እንደ ቦዶኒ ቀጭን ሴሪፍ (የፊደል ጫፍ ላይ የምትቀጠለዋን ትንሽ መስመር) ከእግሩ ሥር እንቀጥልለት ትላለች። ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ቦዶኒውን አትጣይው፣ ለልብስ መጽሔት ከሱ የተሻለ የሚሄድ ፊደል ብዙ የለም። የተበላሸው መጠኑና የፋይሉ አሠራር ነው፣ እሱ ይስተካከላል። የጓደኛሽን ሐሳብ ግን እባክሽ አትቀበዪው። አማርኛ ላይ የቦዶኒን ሴሪፍ ከቀጠልሽ ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ ከታች በደንብ አሳይሻለሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው ምክንያቱም እዚሁ ከተማችን በየባነሩና በየሱቁ ታፔላ የማየው ነገር ነው።

ከቀጭኑ መስመር እንጀምር። ወፍራሙ በጣም ወፍራም፣ ቀጭኑ በጣም ቀጭን የሆነ ፊደል የመጣው ወረቀት ሲለሰልስ ነው። ከዛ በፊት በሻካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ፊደል ሲታተም ቀለሙ ይሰፋ ስለነበር ያን ያህል ቀጭን መስመር መቅረጽ ትርፉ ድካም ነበር። በርሚንግሃም የነበረው ጆን ባስከርቪል በ1757 እ.ኤ.አ. የቨርጂልን ግጥሞች ሲያትም ለስላሳ ወረቀትና የራሱን ጠቆር ያለ ቀለም ተጠቀመ፣ የፊደሉም የወፍራምና የቀጭን ልዩነት ከበፊቱ ጠንከር አለ። ከሱ በኋላ ፓሪስ ላይ ፊርማን ዲዶ፣ ጣሊያን ፓርማ ላይ ደሞ ጃምባቲስታ ቦዶኒ ነገሩን ጥግ ድረስ ወሰዱት፣ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚውና ሴሪፉ ቀጥ ያለ ቀጭን፣ መሀል ላይ መሸጋገሪያ የሚባል ነገር የለም። ቦዶኒ በ1813 ሞቶ ትልቁን የፊደል ናሙና መጽሐፉን ያሳተመችው ሚስቱ ናት፣ በ1818፣ ገጾቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ እያቸው፣ ትልልቅ ፊደል ሰፊ ባዶ ቦታ መሀል ተቀምጦ ታያለሽ። የፋሽን መጽሔቶች የወሰዱት ያንን ነው። ሃርፐርስ ባዛር ላይ አሌክሲ ብሮዶቪች ከ1934 እስከ 1958 አርት ዳይሬክተር ሆኖ ሲሠራ ፎቶውን፣ ነጩን ቦታና ይሄን ዓይነት ፊደል አንድ ላይ አጋጥሞ ዛሬ ሁላችንም «ፋሽን» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣውን መልክ ሠራ፣ ቮግም ከ1955 ጀምሮ ስሙን በዲዶ ፊደል ነው የሚጽፈው።

ልብ በይ፣ እነዚህ ሁሉ ለስላሳ ወረቀት ላይ፣ ትልቅ ሆኖ የታተመ ፊደል ነው። አንቺ ደሞ ያንኑ ለትልቅ የተሳለ ፊደል ለፎቶ መግለጫ አወረድሽው። በቁጥር እናስላው። ለርዕስ የተሠራ ቦዶኒ ቀጭኑ መስመር ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል ፐርሰንት ነው እንበል። 72 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያው ማለት ነው) ላይ 1 ፖይንት ገደማ ይመጣል፣ በሚሊ ሜትር 0.38 ያህል፣ ይሄን ማንም ማሽን ያወጣዋል። 10 ፖይንት ላይ ግን 0.15 ፖይንት ይሆናል፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም አንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ሲሆን፣ አንድ ፒክስል 0.085 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ገጹን የሠራሽው ፎቶሾፕ ላይ ከሆነና ወደ ጄፔግ ቀይረሽ ለማተሚያ ቤቱ ከሰጠሽ መስመሩ ከአንድ ፒክስል በታች ነው፣ ፕሮግራሙ ደሞ ግማሽ ፒክስል ማስቀመጥ ስለማይችል ግራጫ ያደርገዋል፣ ግራጫ ደሞ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነጠብጣብ ነው፣ ነጠብጣቡ ደሞ አንዳንዱ ይያዛል አንዳንዱ ይቀራል፣ በቃ ጠፋ የምትይው መስመር እዛ ነው የጠፋው። ስክሪን ላይ ቆንጆ የነበረው አጉልተሽ ስላየሽው ነው፣ ገጹን በእውነተኛ መጠኑ አድርገሽ ብታዪው እዛው ይታይሽ ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሁሉ ኢንዲዛይን ወይ ኢሉስትሬተር ላይ ሥሪውና በፒዲኤፍ አውጪው፣ ፎቶሾፕ ለፎቶ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ነገር ፎንቱን በየመጠኑ መቀየር ነው። ሃርፐርስ ባዛር በ1992 እ.ኤ.አ. መልኩን ሲቀይር የተጠቀመበት ዲዶ ጆናታን ሆፍለር የሳለው ነው፣ አንዱን ፊደል ለ7 የተለያየ መጠን ለየብቻ ነው የሳለው፣ ከ6 ፖይንት ጀምሮ እስከ 96፣ ለትንሹ የተሳለው ቀጭኑ መስመር ወፈር ያለ፣ ለትልቁ የተሳለው ክር ያከለ። ይሄ ነገር ኦፕቲካል ሳይዝ ይባላል። ያ ፎንት በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ግን አትቸገሪ፣ ጉግል ፎንትስ ላይ ቦዶኒ ሞዳ የሚባል በነፃ አለ፣ ለሥራም ይፈቀዳል፣ ኦፕቲካል ሳይዝ አለው። ኢንዲዛይን ላይ ቫሪያብሉን፣ ማለትም በአንድ ፋይል ሁሉንም መጠንና ውፍረት የያዘውን፣ ጭነሽ መጠኑን ስትቀንሺ ኦፕቲካል ሳይዙ አብሮ መውረዱን አረጋግጪ፣ ካልወረደ በእጅሽ አውርጂው። ፕሌይፌርም ጥሩ ነው፣ ክላውስ ኤገርስ ሶረንሰን የሳለው፣ ፕሌይፌር ዲስፕሌይ የሚባለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል ግን እሱ ስሙም እንደሚለው ለርዕስ ነው፣ ዋናው ጽሑፍ ላይ አታውርጂው። እኔ ብሆን ለርዕስ ለሚሳለው ዓይነት 24 ፖይንትን ወለል አደርገዋለሁ፣ ከዛ በታች የፎቶ መግለጫውን ረጋ ባለ ሴሪፍ ነው የምሠራው፣ ለምሳሌ ኖቶ ሴሪፍ፣ ቦዶኒው ርዕስ ላይ ብቻውን ሲሆን ደሞ የበለጠ ይታያል።

ሌላው ጥቁሩ ነው። ቀጭን መስመር ያለው ጽሑፍ በአራቱ ቀለም ተቀላቅሎ በተሠራ ጥቁር ከታተመ፣ የየቀለሙ ማተሚያ ፕሌት ትንሽ እንኳን ከቦታው ከተሳሳተ መስመሩ ዳር ቀይ ሰማያዊ ይወጣል ወይ ይደበዝዛል። ንጹሕ ጥቁር ብቻ፣ መቶ ፐርሰንት፣ ሌላው ዜሮ። ነጭ ጽሑፍ ፎቶ ላይ ስታሳርፊ ደሞ ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ቀለሙ ወደ ነጩ ይሰፋና ቀጭኑን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ነጭ ከሆነ ከጥቁሩ እጥፍ የሚወፍር መስመር ይኑረው። የሀበሻ ልብስ ፎቶ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ይሄ ለአንቺ ዕድል ነው፣ ጥቁር ፊደል በነጠላው ላይ ማሳረፍ ትችያለሽ፣ ግን ጥበቡ ላይ አታሳርፊው፣ ጥበቡም ቀጭን መስመር ነው ፊደሉም ቀጭን መስመር ነው፣ ይጣላሉ። ወረቀቱ አርት ፔፐር የሚባለው ለስላሳው ይሁን፣ ተራ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል።

አሁን ወደ አማርኛው።

በላቲን ፊደል ቀጭኑ መስመር ቢጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መልክ ነው። ኤች ሴሪፉ ቢነሳለትም ያው ኤች ነው። በኛ ፊደል ግን ትንሿ ቅጥያ አናባቢውን ነው የተሸከመችው። በ ብለሽ ጻፊ። የቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ትንሽ ቅጥያ ስትጨምሪባት ቡ ሆነች። ያቺኑ ቅጥያ ወደ እግሩ ጫፍ ስታወርጂያት ቢ። እዛው ጫፉ ላይ ክብ ስታደርጊያት ቤ። ወደ ግራ እግሩ ወገብ ስትወስጂያት ብ። አሁን ጓደኛሽ እንዳለችው ከበ እግር ሥር ቀጭን አግዳሚ ሴሪፍ ቀጥዪ። ምን ሆነች? ቢ ሆነች ወይም ቢ ለመሆን የደረሰች ነገር ሆነች፣ አንባቢው ደሞ ትክክለኛዋ ቢ ስትመጣ ከየቱ እንደሚለያት አያውቅም። ለ እና ሊ፣ ሰ እና ሲ፣ ከ እና ኪ እንደዛው። የቦዶኒ ሴሪፍ ማለት በቅርጹም በቦታውም የኛ ሣልስ ቅጥያ ነው። አንባቢ ሲሳሳት ፊደሉ ላይ አይፈርድም፣ ዝም ብሎ ቀስ እያለ ያነባል፣ ደክሞት ይተወዋል፣ ችግሩ ይሄ ነው፣ ማንም መጥቶ «ፎንትሽ አይነበብም» አይልሽም።

የራስሽ ርዕስ ላይ ደሞ ሌላ አደጋ አለ። ሸ ከሰ የምትለየው ከላይ ባለችው አግዳሚ መስመር ነው። ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ኸ ከከ የሚለዩትም እንደዛው። ቦዶኒ ደሞ የሚያቀጥነው አግዳሚውን ነው! ያቺን መስመር በቦዶኒ ልክ አቅጥነሽ ፎቶ ላይ ካሳረፍሻት፣ ወይ አንድ ሰው ሽፋኑን በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ከለጠፈው፣ ሸማ የሚለው ሰማ ይሆናል። ሽፋን ላይ ቢያንስ ሰው የልብሱን ፎቶ አይቶ ይገምታል፣ ውስጥ ገጽ ላይ ግን «ሸጠ» «ሰጠ» ሲሆን ትርጉሙ ሁሉ ነው የሚገለበጠው። ስለዚህ አማርኛ ላይ ወፍራሙን የፈለግሽውን ያህል አወፍሪው፣ ቀጭኑን ግን ልክ አብጂለት። እኔ በልምድ የምይዘው ቀጭኑ ከወፍራሙ ከአራት አንድ እንዳይወርድ ነው፣ በጣም ትልቅ ለሆነ ርዕስ ብቻ ከአምስት አንድ ድረስ እሄዳለሁ፣ የአናባቢ ቅጥያና የላይኛው መስመር ግን ከሌላው ቀጭን ትንሽ ወፈር ማለት አለባቸው።

ደስ የሚለው ነገር፣ አማርኛ ይሄን ዓይነት ልዩነት ከማንም መበደር የለበትም። የቁም ጽሕፈት በመቃ ብዕር ሲጻፍ ቋሚው እግር ወፍራም፣ አግዳሚው ማገናኛ ቀጭን ሆኖ ነው የሚወጣው። ማለትም ወፍራምና ቀጭኑ የሚያርፍበት ቦታ ከቦዶኒ ጋር አንድ ነው፣ ለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ መኖር የሚችሉት። የሚለያዩት ጫፍ ላይ ነው። ቦዶኒ እግሩን በቀጥታ መስመር ይዘጋዋል፣ የኛ ጸሐፊ ደሞ ብዕሩ በተቀረጸበት ሰያፍ ይጀምርና ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ የእግሩ አናት ትንሽ ጋደል ያለች ራስ አላት፣ ሥሩ ንጹሕ ነው። በጎንደር ዘመን የተጻፉትን ትልልቅ ብራናዎች ስታዪ፣ ጉልህ የሚባለው አጻጻፍ ማለቴ ነው፣ እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጥቁር፣ በፊደልና በፊደል መሀል ያለው ነጭ የተመጠነ ነው፣ ከፋሽን መጽሔት ሽፋን ምንም አያንስም። ረቂቅ የሚባለውን ደቃቁን አጻጻፍ ከጎኑ ስታዪው ደሞ ለትንሽ መጠን ሌላ አጣጣል እንደነበራቸው ይገባሻል።

ቅርብሽ ስለሆነ ሄደሽ እይው። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገቢያለሽ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ብራናዎች አሉ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አባቶችን አስፈቅጂ፣ ካልተፈቀደ ደብተር ያዢና ቁጭ ብለሽ በእርሳስ ገልብጪ፣ እንደውም ከፎቶ ይሻላል ምክንያቱም እጅሽ ይማራል። እግሩ የት እንደሚጀምር፣ አናቱ ምን ያህል እንደሚያጋድል፣ ሁለቱ እግሮች መሀል ያለው ነጭ ከእግሩ ውፍረት ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ እነዚህን ብቻ ለክተሽ ብትመጪ ይበቃሻል።

ለዋናው ጽሑፍ ግን መሳል አያስፈልግሽም፣ ፎንት አለ። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ድፍን ጥቁር 9 ክብደት፣ ማለትም የውፍረት ደረጃ፣ አለው፣ ለአንቺ ሥራ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የብራናውን እጅ የተከተለ ቆንጆ ፊደል ነው፣ ችግሩ አንድ ክብደት ብቻ ነው ያለው፣ ወርድ ላይ የለመድነው ኒያላም እንደዛው። አንድ ክብደት ብቻ ያለውን ፎንት «ቦልድ» ስትይው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ዙሪያውን ያወፍረዋል፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ይነፋል፣ የቤ እና የሌ ክብ ይደፈናል፣ «አማርኛው ደነዘዘ» ያልሽው ምናልባት ይሄ ነው፣ ፋይልሽን ከፍተሽ ቦልድ ተጭኖ እንደሆነ እዪ። ጽሑፉን ከሌላ ሰው ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፎ የተቀበልሽ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሪው፣ አለዚያ ፎንቱን ስትቀይሪ ጽሑፉ ዝብርቅርቁ ነው የሚወጣው።

ሁለቱን የምታዋድጂው እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛውን ርዕስ በሚወጣበት መጠን አስቀምጪ፣ አጉልተሽ የኤች ወፍራም እግር ላይ ልክ ውፍረቱን የሚያክል ትንሽ አራት ማዕዘን ሳዪ። ያንን አራት ማዕዘን ወስደሽ የአማርኛው በ እግር ላይ አሳርፊው። እግሩ ከቀጠነ የኖቶውን ክብደት ከፍ አድርጊ፣ ከወፈረ ዝቅ፣ እኩል እስኪሆን። መጠኑን በቁጥር አታመሳስዪው፣ ሁለቱንም 60 ፖይንት ብትዪ ላይገናኙ ይችላሉ። እንግሊዝኛው በሙሉ በትልቁ ፊደል ከሆነ የአማርኛውን ቁመት ከትልቁ ፊደል ጋር አስተካክዪ፣ በትንሹ ከሆነ ግን አማርኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ሁሌም ገዝፎ ይታያል፣ ከትንሹ ፊደል ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቆም አውርጂው፣ ሥራውን ዓይንሽ ይጨርሰዋል። ቦዶኒን በትልቁ ፊደል ስትጽፊ ፊደላቱን ማራራቅ ያምራል፣ አማርኛውን ግን በዛው ልክ አታራርቂው፣ ቃሉ ይበተናል።

ጎላ ማድረግ የምትፈልጊውን የአማርኛ ቃል አታጋድዪው። የእንግሊዝኛው ኢታሊክ ራሱን የቻለ የተሳለ ፊደል ነው፣ የኛው ግን ሲጋደል ዝም ብሎ የተገፋ ነው የሚመስለው፣ የላይ አግዳሚዎቹም ይጣመማሉ። ጸሐፊዎቻችን ለዚህ ቀይ ቀለም ነበራቸው፣ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያውን በቀይ ይጽፉታል፣ አንቺም ከጥበቡ ቀለም አንዱን መርጠሽ በሱ ብታደርጊው ለዚህ መጽሔት ከምንም በላይ ይሄዳል። ዋናው የአማርኛ ጽሑፍ 10 ወይ 10.5 ፖይንት፣ ሌዲንጉ (ከመስመር መስመር ያለው ርቀት) 15 ወይ 16 ይሁን፣ አማርኛ ገጽ ላይ ጥቁር ስለሆነ አየር ይፈልጋል።

ለሽፋኑ «ሸማ» ብቻ በእጅ ብትስዪው ደስ ይለኛል፣ ሁለት ፊደል ናት። ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ብዕር ወይ በመቃ ቀርጸሽ ወረቀት ላይ በትልቁ ደጋግመሽ ጻፊያት፣ ያማረሽን ስካን አድርገሽ ኢሉስትሬተር ላይ በፔን ቱል ተከተያት፣ አውቶማቲኩን ትሬስ አትጠቀሚ ዳሩን ያቆረፍደዋል። እግሮቹን ከቦዶኒው ወፍራም እግር ጋር እኩል አድርጊ፣ የሸን የላይ መስመር የእግሩን አንድ ሦስተኛ ያህል አቆይው፣ ርቀቱንም ከሥሩ ካለው ቅርጽ ጋር እንዳይጣበቅ ከፍ አድርጊው፣ የማ ሁለት ክቦች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደሞ ቀለም ስለሚጠራቀም ትንሽ ቀነስ አድርጊለት።

ከዛ ሙሉውን መጽሔት ከማሳተምሽ በፊት አንድ ገጽ ናሙና አዘጋጂ። «ሸ ሰ ኘ ነ በ ቡ ቢ ቤ ብ» የሚለውን በ10፣ በ14፣ በ24ና በ48 ፖይንት አንዴ ጥቁር በነጭ፣ አንዴ ነጭ በፎቶ ላይ አድርጊና ከጎኑ ቦዶኒውን በዛው መጠን ጻፊ። መጽሔቱ በሚታተምበት ወረቀትና በሚታተምበት ማሽን ላይ ይውጣ፣ በዲጂታል ማሽን አውጥተሽ በፕሌት የሚታተመው ኦፍሴት እንዴት እንደሚወጣ አትገምቺበት። ወረቀቱን ስለ መጽሔቱ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጪና ጮክ ብሎ ያንብበው፣ የትኛው ላይ እንደቆመ ምልክት አድርጊ፣ ከዛ መጠን በታች አትውረጂ። ለጓደኞችሽ በቴሌግራም ስትልኪው በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪው፣ ፎቶ ሲሆን ተጨምቆ መስመሩ ይበላል። የሳልሻትን «ሸማ» ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የላይኛዋን መስመር እኔም ማየት እፈልጋለሁ።